የአያቴ የመንጠቆ ሣጥን

ልጆች ሆይ፤ ከምጽፍበት ጠረጴዛ አጠገብ አንድ አሮጌ የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። ቀለሙ ለቋል፤ ማዕዘኖቹ በመነካካት ብዛት ለስልሰዋል፤ መያዣ ገመዱም ሦስት ጊዜ ተለውጧል። ወደ ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ይህን አሮጌ ዕቃ ስለ ምን አትጥለውም?» ይለኛል። እኔም ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ፤ ነገሩ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለምና። ዛሬ ግን ለእናንተ ልነግራችሁ ወድጃለሁ። ይህ ሣጥን የአያቴ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ማኖሪያ ነበረ። እኔም ማንበብና መጻፍ ከተማርሁበት ትምህርት ቤት የማያንስ ትምህርት ከእርሱ አግኝቻለሁ።

የተወለድሁት በጣና ሐይቅ ዳር፣ በባሕር ዳር ነው። ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ በስፋቱ የሚበልጠው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከ30 የሚበልጡ ደሴቶችም አሉበት። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓባይም ከዚሁ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ወጥቶ ረጅሙን መንገዱን ይጀምራል።

በልጅነቴ ዓሣ አጥማጆች ሳይነጋ ተነሥተው ከደንገል በታሰረ ታንኳ ወደ ሐይቁ ይገቡ ነበረ። ደንገል በውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው፤ ሲደርቅ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ፈጥኖም ይበሰብሳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ በጣና ዳር ዕቃን በሥርዓት ማኖር ከታንኳው ይጀምራል።

አያቴ የሚያጠምደው ቆሮሶና አምባዛ ነበረ። ቆሮሶ ሰውነቱ ጠፍጣፋ፣ በቅርፊት የተሸፈነ፣ ሥጋው የጣፈጠ ዓሣ ነው። አምባዛ ግን ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ሰፊ ነው፤ በአፉም ዙሪያ እንደ ጺም ያለ ነገር አለው። ለሁለቱም የሚሆነው መንጠቆ አንድ አይደለም፤ ለትንሹ አፍ ትንሽ፣ ለትልቁ አፍ ትልቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ደባልቆ የሚያኖር ሰው በሚፈልገው ጊዜ የሚፈልገውን አያገኝም።

አያቴ ሣጥኑን የገዛው ጣልያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ በገበያ ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወታደሮች ጥይት የሚያመላልሱበት ሣጥን ነበረ። አያቴም፣ «ለሞት የተሠራውን ለእንጀራ አዋልሁት» እያለ ደስ ይለው ነበረ።

የሣጥኑን ውስጥ በቀጭን ሳንቃ በአራት ክፍል ከፈለው። በአንደኛው ክፍል የመንጠቆ ገመዶች ነበሩ። እያንዳንዱ ገመድ በአጭር የቀርከሃ ቁራጭ ላይ ተጠቅልሎ ጫፉ በተሰነጠቀው አፍ ይያዛል፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ጋር አይወሳሰብም። በሁለተኛው ክፍል ገመዱን ወደ ታች የሚስቡ የእርሳስ ቁራጮች በትንሽ ቅል ውስጥ ይቀመጣሉ። እርሳስ መርዝነት ያለው ብረት ነውና፣ እናንተ ልጆች በአፋችሁ ከቶ አትያዙት፤ ብትነኩትም እጃችሁን ታጠቡ። በሦስተኛው ክፍል ቢላዋ፣ ሞረድ፣ መረብ መጠገኛ መርፌና ክር ነበሩ። በአራተኛው ደግሞ ደረቅ ጨርቅና በቀንድ ውስጥ የተቀመጠ ሞራ ነበረ።

መንጠቆዎቹ ግን ከሁሉ የተለየ ስፍራ ነበራቸው። አያቴ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለስላሳ እንጨት ለጥፎ፣ ዐሥራ ሁለት መንጠቆዎች በሁለት ረድፍ ይሰካበት ነበረ። ከእያንዳንዱ ስፍራ በታች በጋለ ብረት አንድ ነጥብ ተኩሷል። በእያንዳንዱም መንጠቆ አንገት ላይ በሞረድ ትንሽ ምልክት አድርጓል። ክዳኑ ሲከፈት ዐሥራ ሁለቱ ሁሉ እንደ ሰልፈኛ ቆመው ይታያሉ፤ አንዱ ቢጎድል ግን ነጥቡ ባዶውን ይቀራል። አያቴም፣ «ሣጥኔ አፍ የለውም፤ ነገር ግን ምስክር ነው» ይል ነበረ።

ከሐይቅ በተመለሰ ጊዜ ምንም ቢደክመው ሳያርፍ የሚፈጽመው ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ መንጠቆዎቹን በንጹሕ ውሃ ያጥባል። ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ ያብሳቸዋል። ከዚያ በኋላ በጣቱ ጥቂት ሞራ ይቀባቸዋል። በመጨረሻም አንድ፣ ሁለት እያለ እየቈጠረ በየስፍራቸው ይሰካቸዋል።

አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ነገ ዳግመኛ ውሃ ውስጥ የሚገባውን መንጠቆ ዛሬ ስለ ምን ታደርቀዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም፣ «ልጄ፣ ውሃ ብቻውን ብረትን አይበላም፤ አየርም ብቻውን አይበላም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ዝገት ይወለዳል። ሞራው በሁለቱ መካከል የሚቆም ዘበኛ ነው» አለኝ። ኋላ በትምህርት ቤት ስለ ብረት በተማርሁ ጊዜ ቃሉ እውነት እንደ ሆነ አወቅሁ። የጨው ውሃማ ዝገትን የበለጠ ያፋጥናል፤ ስለዚህ በባሕር ላይ የሚያጠምዱ ሰዎች ከእኛ ይልቅ መጠንቀቅ አለባቸው።

መረቡም የራሱ አኗኗር ነበረው። የዚያ ዘመን መረብ ከጥጥ ክር የተሠራ ነበረና፣ እርጥብ ሆኖ ከተከማቸ በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ክሩም ይበጠሳል። በመሬት ላይ ቢተውት ደግሞ አይጥ የዓሣውን ሽታ ተከትላ ትቀረጥፈዋለች። ስለዚህ አያቴ መረቡን አድርቆ ከጣራው ሥር በአግዳሚ እንጨት ላይ ይሰቅለው ነበረ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 በአሜሪካ አገር ናይሎን የሚባል ሰው ሠራሽ ነገር ተገኘ፤ ከእርሱም ክርና መረብ ተሠራ። ወደ ጣናም በ1986፣ ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የናይሎን መረብና ባለ ሞተር ጀልባ በአንድ የዓሣ ልማት ሥራ አማካይነት ገባ። ናይሎን እንደ ጥጥ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ፀሐይ ያደክመዋልና በጥላ ሊቀመጥ ይገባዋል። ደግሞም አለመበስበሱ ራሱ ሌላ ጉዳት አለው። በግድየለሽነት በውሃ ውስጥ የተጣለ የናይሎን መረብ፣ ባለቤቱ ከረሳው በኋላ እንኳ ለማንም የማይጠቅም ዓሣ ሲይዝና ሲገድል ይኖራል። የጥጥ መረብ የጣለ ሰው ራሱን ይጎዳ ነበረ፤ የናይሎን መረብ የሚጥል ግን ሐይቁን ይጎዳል።

ዕቃ ማኖር ለሐይቁም ዕረፍት ነው። በጣና ብቻ የሚገኙ፣ በሌላ አገር የሌሉ ከ10 የሚበልጡ የዓሣ ዘሮች አሉ። ብዙዎቹም በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነዘሯ ያጠፋል። በዚህም ምክንያት ከእነዚህ ዘሮች ብዙዎቹ እጅግ አንሰዋል። ስለዚህ የዓሣ ነገር የሚያጠኑ ሊቃውንት በእነዚያ ወራት መረቡ ከወንዝ አፍ ይራቅ ብለው ይመክራሉ።

መንጠቆን በጥንቃቄ ማኖር በእኛ አገር ብቻ የተገኘ ልማድ አይደለም። በጃፓን አገር፣ ኦኪናዋ በሚባል ደሴት፣ በአንድ ዋሻ ውስጥ ከባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተሠሩ መንጠቆዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም 23,000 ዓመት ያህል ነው። በእንግሊዝ አገርም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1496 ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ታትሟል፤ መንጠቆ ከልብስ መስፊያ መርፌ በእሳት እየተለበለበ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። መንጠቆን በእጅ የሚሠራ ሰው አንዱን እንኳ በከንቱ ሊያጠፋው አይወድም።

በኋላ ዘመን ፈረንጆች መንጠቆን እንደ መጽሐፍ በሚታጠፍ የቆዳ ማኅደር ያኖሩ ነበረ። በውስጡም የበግ ጠጉር ያደርጉበታል። ነገር ግን ጠጉሩ እርጥበት ስለሚይዝ፣ ሳይደርቅ የገባ መንጠቆ በማኅደሩ ውስጥ ይዝጋል። ከዚያም ከቆርቆሮ የተሠራ ሣጥን መጣ፤ ክዳኑ ሲከፈት በውስጡ ያሉት መደርደሪያዎች እንደ ደረጃ እየተነሡ ይዘረጋሉ። ዛሬ ደግሞ አብዛኛው ሣጥን ከፕላስቲክ የሚሠራ ነው። ፕላስቲክ አይዝግም፤ ቀላልም ነው። ሆኖም እርጥብ ዕቃ ከትቶ አጥብቆ የዘጋው ሰው እርጥበቱን ከዕቃው ጋር ቈለፈው እንጂ ዕቃውን አላዳነም። እንግዲህ የሣጥኑ ዓይነት ይለዋወጣል፤ ትጋት ግን በሌላ ነገር አይተካም።

አሁን የዚህን ሣጥን ዋና ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1955 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያን ጊዜ አያቴን በሥራ የሚረዳ፣ እናትና አባት የሌለው አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረ። ታንኳ ይቀዝፋል፤ ሣጥኑንም ከሐይቁ ዳር እስከ ቤታችን ይሸከማል። ስለ ድካሙም በየቀኑ ከተያዘው ዓሣ ድርሻውን ይወስዳል፤ መተዳደሪያውም እርሱ ብቻ ነበረ።

አንድ ሰኞ ቀን አያቴ እንደ ልማዱ በሐይቁ ዳር መንጠቆዎቹን ቈጥሮ ሣጥኑን ዘጋ፤ ልጁም ተሸክሞ ወደ ቤት አመጣው። ቀትር ሲሆን አያቴ አንቀላፋ። እኔም ባልንጀሮቼ እንዲያደንቁኝ ብዬ ሣጥኑን በቀስታ ከፈትሁና አንድ መንጠቆ ሰረቅሁ። «ሰረቅሁ» የሚለውን ቃል ያነ ጊዜ አላሰብሁትም፤ በልቤ «ተዋስሁ» ብዬ ነበረ። ነገር ግን ባለቤቱ ሳያውቅ የሚወሰድ ነገር ስሙ ሌላ ነው።

በሐይቁ ዳር መንጠቆውን በክር አስሬ ወረወርሁት። በውሃው ውስጥ ከሥር ጋር ተያያዘ። በኃይል በሳብሁት ጊዜ ክሩ ተበጠሰና መንጠቆው ተወርውሮ ከኋላዬ በሣር ውስጥ ወደቀ። እስኪመሽ ድረስ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። በመጨረሻም፣ «ከዐሥራ ሁለት አንድ ቢጎድል ምን ይሆናል?» ብዬ ራሴን አጽናንቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግሥቱ ማለዳ አያቴ ሣጥኑን ከፈተ፤ አንዱም ነጥብ ባዶ ነበረ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም የቤቱን ሰዎች ሁሉ ጠየቀ። ወደ እኔም መጣና፣ «ልጄ፣ አይተኸዋል?» አለኝ። እኔም፣ «አላየሁም፣ አባባ» አልሁ። የቤቱ ሰዎች ግን፣ «ከተቈጠረ በኋላ ሣጥኑን የተሸከመው ያ ልጅ ነው፤ ሌላ ማን ይወስዳል?» አሉ። ልጁ፣ «አልነካሁም» ብሎ አለቀሰ። አያቴም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እንግዲህ ነገሩ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራ አትምጣ» አለው። ልጁ መቅዘፊያውን በግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። እኔም በበሩ ሥር ቆሜ ሲሄድ አየሁት፤ አንድ ቃል ብናገር እንደሚመለስ አውቄ ነበረ። አልተናገርሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራ በአፌ አልጣፈጠኝም። አያቴ ብቻውን እየቀዘፈ ይሄድና በእጅጉ ደክሞ ይመለሳል። በባዶው ስፍራ ሌላ መንጠቆ እንዲሰካ በነገሩት ጊዜ፣ «ተዉት፤ የወሰደው እስኪመልሰው ክፍት ይሁን» አለ። ሣጥኑ በተከፈተ ቍጥር ያ ባዶ ነጥብ እኔን ብቻ የሚያይ ዓይን ይመስለኝ ነበረ።

በዐርብ ቀን ከሐይቁ ዳር ጩኸት ተሰማ። ሮጠን ብንሄድ የስድስት ዓመት ታናሽ ወንድሜ በሣሩ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ መንጠቆውም በባዶ እግሩ ውስጥ ገብቶ ነበረ። የመንጠቆ ጥርስ ወደ ኋላ የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ወደ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ በመጣበት መንገድ ግን ሥጋ ሳይቀድ አይመለስም። ስለዚህ አያቴ ማንም እንዳይነካው ከልክሎ፣ ሕፃኑን በጀርባው አዝሎ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው። ድሬሰሩም ማደንዘዣ ወግቶ የመንጠቆውን ጫፍ ወደ ፊት ገፍቶ አወጣው፤ ጥርሱንም በጉጠት ቈርጦ የቀረውን መልሶ ሳበው። ደግሞም የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ እንዳይዘው መርፌ ወጋው። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኛችሁ ራሳችሁ አትሳቡት፤ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

አያቴ ጥርስ የሌለውን መንጠቆ በመዳፉ ይዞ አገላበጠው፤ በአንገቱ ላይ ያለውንም ምልክት አየ። እኔም ከዚህ በላይ ልታገሥ አልቻልሁም፤ በእግሩ ላይ ወድቄ ሁሉን ነገርሁት። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበረ፤ አልመታኝም። ነገር ግን ፊቱ ሲጠቍር አየሁና ከመመታት ይልቅ አስጨነቀኝ። «ልጄ፣ መንጠቆው የጠፋው ሰኞ ነው፤ ወንድምህ የተወጋው ዐርብ ነው። በመካከሉ አራት ቀን ነበረህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም አልጨመረ።

ቅዳሜ ማለዳ እጄን ይዞ ወደዚያ ልጅ ማደሪያ ወሰደኝ። ልጁ የሰው አጥር ተጠግቶ በምትኖር ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነበረ፤ ፊቱም ገርጥቶ ነበረ። በጎረቤቶቹ ፊት፣ «ወንድሜ ሆይ፣ የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ድምፄ ስለ ተንቀጠቀጠ አያቴ ሁለተኛ አስደገመኝ። እነሆ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። አያቴ፣ በአገሩ የተከበረው ሽማግሌ፣ ከራሱ ላይ ቆቡን አውልቆ፣ «ልጄ፣ እኔም በድዬሃለሁ። ምስክር ሳይኖር ጠረጠርሁህ፤ ይቅር በለኝ» አለው። ልጁም እያለቀሰ እጁን ሳመው። አያቴም ሥራ ፈትቶ የከረመበትን የአራት ቀን ድርሻ ከፈለው፤ በዚያው ቀንም አብረውን ወደ ሐይቁ መጣ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መንጠቆዎቹን የሚቈጥረው ያ ልጅ ሆነ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አጥባለሁ፤ አብሳለሁ፤ ሞራ እቀባለሁ፤ እርሱ ተቀብሎ ይሰካል። ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ክዳኑን ራሴ እንድከፍት አልተፈቀደልኝም። በመስከረም ወር አንድ ቀን ግን ልጁ ራሱ ሣጥኑን ወደ እኔ ገፋና፣ «ዛሬ አንተ ቍጠር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሽልማት አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ደስ ያሰኘኝ ግን የለም።

የወንድሜ እግር ዳነ፤ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ቀረበት። አያቴም ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሣጥኑ ግን እነሆ በአጠገቤ አለ። በክዳኑ ላይ ዐሥራ አንድ ሙሉ መንጠቆዎች፣ በዐሥራ ሁለተኛውም ስፍራ ጥርስ የሌለው አንዱ ተሰክተዋል። አያቴ እርሱን ሊጥለው አልወደደም፤ በገዛ እጁ ወደ ስፍራው መልሶ ሰካው። ዓሣ አይዝም፤ ነገር ግን እኔን እስከ ዛሬ ይዞኛል።

ልጆች ሆይ፤ ዕቃችሁን ስትሠሩበት ብቻ ሳይሆን ስታኖሩትም ተጠንቀቁ። እርጥቡን አድርቁ፤ ስለታሙን ሸፍኑ፤ የወሰዳችሁትን ወደ ስፍራው መልሱ፤ የጎደለውን ቍጠሩ። ዝገት በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከከረመ ግን ብረቱን ይበላል። ጥፋትም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ቃል ይቀና የነበረው ሲደበቅ የሰውን እንጀራና የወንድምን እግር ይነካል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉትም እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነቱ በሣር ውስጥ ተደብቆ ሰው እስኪወጋ ድረስ አትጠብቁት፤ እናንተው ፈልጋችሁ አውጡት።

እኔም ዛሬ ማታ ከመተኛቴ በፊት እንደ ልማዴ ክዳኑን ከፍቼ እቈጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እያልሁ እስከ ዐሥራ ሁለት።